የሰርቫንቴስ የመልስ ጉዞ

በ1575 ሴፕቴምበር ወር መጀመሪያ ላይ «ሶል» ማለትም «ፀሐይ» የተባለች፣ በመቅዘፊያና በሸራ የምትሄድ የጦር መርከብ ከኢጣልያ ወደብ ከናፖሊ ተነሥታ ጉዞዋን ወደ እስፓኝ አቀናች። (በዚህ ጽሑፍ ውስጥ የሚገኙት ቀኖችና ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ከተሳፋሪዎቿ መካከል ሁለት ወንድማማች ወታደሮች ነበሩ። ታናሹ ሮድሪጎ፣ ታላቁ ሚጌል ዴ ሰርቫንቴስ ይባላሉ። ሚጌል በዚያን ጊዜ ዕድሜው ሃያ ስምንት ዓመት ገደማ ነበር። ግራ እጁ ሰልሏል፤ ደረቱ ላይ ሁለት የጥይት ጠባሳ አለ። ከአገሩ ከወጣም ስድስት ዓመት ሊሞላው ነው። በጉያው ግን የዚያን ሁሉ ዘመን ድካም ይክሱልኛል ብሎ ተስፋ የጣለባቸው ሁለት ደብዳቤዎች ነበሩት። አንደኛው የንጉሥ ፊሊጶስ ዳግማዊ ወንድም ከሆነው ከታላቁ የጦር አዛዥ ከዶን ኹዋን፣ ሌላው ከሴሳው መስፍን የተጻፉ ነበሩ። ሁለቱም ይህ ወታደር በጀግንነት ያገለገለ መሆኑንና ሹመት የሚገባው መሆኑን ለንጉሡ ይመሰክራሉ። እንግዲህ የቀረው ባሕሩን ተሻግሮ ደብዳቤዎቹን ማቅረብ ብቻ ነበር።

ስለ ሰርቫንቴስ ሲነሣ ሁሉም ሰው አስቀድሞ የሚያስበው «ዶን ኪሆቴ»ን ነው። መጽሐፉን ያላነበበ ሰው እንኳ ከነፋስ ወፍጮ ጋር ጦርነት የገጠመውን የዚያን ምስኪን ባላባት ታሪክ በወሬ ያውቀዋል። ደራሲው ግን ይህን መጽሐፍ ሲያሳትም ዕድሜው ወደ ስድሳ የተቃረበ ሰው ነበር። ከዚያ በፊት ራሱን የሚያየው በወታደርነቱ ነው፤ በስተርጅናውም ቢሆን ከብዕሩ ይልቅ በቁስሉ ይኮራ ነበር ቢባል ማጋነን አይሆንም።

የተወለደው በ1547 ከማድሪድ ብዙም በማትርቀው በአልካላ ዴ ኤናሬስ ከተማ ነው። ክርስትና የተነሣበት ቀን ኦክቶበር 9 መሆኑ በቤተ ክርስቲያኑ መዝገብ ተጽፎ ይገኛል። አባቱ በዘመኑ ደም የሚያገም፣ ስብራት የሚጠግን፣ ቁስል የሚያክም ወጌሻ ሲሆን፣ ጆሮው በሚገባ አይሰማም፤ ኑሮውም አልተቃናለትም። ሚጌል የአምስት ዓመት ልጅ ሳለ አባቱ በዕዳ ምክንያት ቫያዶሊድ ላይ ታስሯል፤ ቤተሰቡም ከከተማ ወደ ከተማ ሲንከራተት ኖሯል። ዕዳ የዚህን ሰው ሕይወት ከልጅነት እስከ ሽምግልና የተከተለ ጥላ ነውና አንባቢ ከወዲሁ ልብ ቢለው ይጠቅማል።

በ1569 ሮም ውስጥ እናገኘዋለን። ለምን ከአገሩ ወጣ? በዚያው ዓመት ሴፕቴምበር ወር ሚጌል ዴ ሰርቫንቴስ የተባለ ሰው ማድሪድ ውስጥ አንድ ሰው በሰይፍ አቁስሏልና ይያዝ፣ ቀኝ እጁም ይቆረጥ፣ ለዐሥር ዓመትም ከአገር ይውጣ የሚል የንጉሥ ትእዛዝ ተጽፎ ነበር። የዚህ ትእዛዝ ተፈላጊ የኛው ሰው መሆን አለመሆኑን የታሪክ ጸሐፊዎች እስከ ዛሬ ይከራከሩበታል። በሮም ለጥቂት ጊዜ የአንድ መኰንን ልጅ፣ ኋላም ካርዲናል የሆነ ጁሊዮ አኳቪቫ የሚባል ቄስ አሽከር ሆኖ ካገለገለ በኋላ በኢጣልያ ከሰፈረው የእስፓኝ እግረኛ ጦር ገባ።

ያን ጊዜ የሜዲትራንያን ባሕር በሁለት ኃያላን መካከል የተከፈለ ነበር። በምዕራቡ እስፓኝ፣ በምሥራቁ የኦቶማን ቱርኮች መንግሥት ነበሩ። ይኸው የቱርኮች መንግሥት በ1557 ምጽዋን ይዞ በቀይ ባሕር ዳርቻ ከኢትዮጵያ ነገሥታት ጋር የተፋጠጠው ኃይል ነው፤ ዐፄ ሠርፀ ድንግል በ1578 እና በ1579 በሰሜን ሲዋጉት ሰርቫንቴስ በሌላው የግዛቱ ጫፍ ምርኮኛ ነበረ። በ1571 የሮማው ጳጳስ፣ ቬኒስና እስፓኝ ተባብረው ያዘጋጁት የጦር መርከብ ሠራዊት በዶን ኹዋን አዛዥነት ወደ ግሪክ አገር ባሕር ዘለቀ። ኦክቶበር 7 ቀን በሌፓንቶ አጠገብ ከሁለቱም ወገን ከአራት መቶ በላይ የሚሆኑ መርከቦች ተጋጠሙ።

ሰርቫንቴስ በዚያ ቀን «ማርኬሳ» በምትባለው መርከብ ላይ ነበር። ከባድ ትኩሳት ይዞት ከመርከቡ ሆድ ውስጥ ተኝቷል። አለቃውና ጓደኞቹ ከተኛበት እንዳይነሣ መከሩት፤ እርሱ ግን ታምሞ ከመዳን ይልቅ ለእግዚአብሔርና ለንጉሡ ተዋግቶ መሞትን እንደሚመርጥ ተናግሮ ተነሣ። ይህንንም በዚያ የነበሩ ወታደሮች ኋላ በመሐላ መስክረዋል። ከዐሥራ ሁለት ሰዎች ጋር ከመርከቡ ጎን የነበረችውን ጀልባ እንዲጠብቅ ታዘዘ፤ ይህም ጥይት አጥብቆ ከሚዘንብባቸው ስፍራዎች አንዱ ነበር። ሁለት ጥይት ደረቱን፣ አንድ ጥይት ግራ እጁን መታው። ድሉ የኅብረቱ ጦር ሆነ፤ በቱርክ መርከቦች ላይ በሰንሰለት ታስረው ይቀዝፉ የነበሩ ከዐሥር ሺሕ የማያንሱ ክርስቲያን ባሮች በዚያ ቀን ነጻ ወጡ። (በእስፓኝ መርከቦች መቅዘፊያ ላይም የታሰሩ እስላሞች እንደነበሩ መዘንጋት አይገባም፤ በዚያ ባሕር ላይ ሰንሰለት ለሁሉም ነበር።) ሰርቫንቴስ መሲና ሆስፒታል ውስጥ ወራት ተኝቶ ደረቱ ዳነ። እጁ ግን አልዳነችም፤ አልተቆረጠችም፣ ነገር ግን ለሥራ የማትጠቅም ሆና ቀረች።

አንድ እጁ የሰለለ ወታደር በዚያን ጊዜ ወደ አገሩ ቢመለስ የሚፈርድበት አልነበረም። እርሱ ግን በ1572 ወደ ጦሩ ተመልሶ በናቫሪኖ፣ በሚቀጥለው ዓመትም በቱኒስ ዘመቻ ተካፈለ። ከዚያም በናፖሊና በሲሲሊያ ሰፍሮ ሁለት ዓመት ቆየ። ደመወዝ ይዘገያል፤ ጦርነቱም እየቀዘቀዘ ሄደ፤ በ1574 ቱኒስንና ምሽጓን ላ ጎሌታን ቱርኮች መልሰው ያዙ። የወጣትነቱ ድል በእንዲህ ያለ ሁኔታ እየተሸረፈ ሲሄድ ነው ሰርቫንቴስ ፈቃድ የጠየቀውና እነዚያን ደብዳቤዎች ያጻፈው።

«ሶል» የእስፓኝን ዳርቻ ለማየት በቅታለች። ሴፕቴምበር 26 ቀን በካታሎንያ ጠረፍ አጠገብ ስትደርስ ግን አርናውት ማሚ የሚባል አልባኒያዊ የሚያዝዛቸው የአልጀርስ የባሕር ወንበዴ መርከቦች ከበቧት። ብርቱ ውጊያ ተደረገ፤ የመርከቧ አዛዥና ብዙ ሰዎች ሞቱ፤ የቀሩት ተማረኩ። ምርኮው ሲከፋፈል ሰርቫንቴስ የደረሰው ዳሊ ማሚ ለሚባል፣ በትውልዱ ግሪክ ለሆነና ሃይማኖቱን ለውጦ ለሰለመ ካፒቴን ነው። ዳሊ ማሚ ምርኮኛውን ሲያስፈትሽ ደብዳቤዎቹን አገኘ። የንጉሥ ወንድምና አንድ መስፍን እንዲህ አድርገው የጻፉለት ሰው ተራ ወታደር ሊሆን እንደማይችል ደመደመ። እንግዲህ ይህ ሰው ከትልቅ ቤት የተወለደ መሆን አለበት፤ ትልቅ ቤትም ትልቅ ገንዘብ አለው። የቤዛው ዋጋ አምስት መቶ የወርቅ ኤስኩዶ ሆኖ ተቆረጠ። የወጌሻው ቤተሰብ ይህን ያህል ገንዘብ በአንድነት አይቶ አያውቅም። አገር ቤት ደጅ ይከፍቱለታል የተባሉት ወረቀቶች በዚህ ዓይነት በላዩ ላይ ደጅ ዘጉበት።

አልጀርስ ያን ጊዜ ብዙ ሕዝብና ብዙ ሀብት የነበራት ከተማ ነበረች። በዚያው ዘመን የተማረከ አንድ የሃይማኖት ሰው እንደጻፈው ይገመታል የሚባለው፣ በ1612 የታተመው የአልጀርስ ታሪክ የክርስቲያን ምርኮኞችን ቁጥር ሃያ አምስት ሺሕ ያደርሰዋል። ምርኮኞቹ ሁለት ዓይነት ነበሩ። ቤዛ የማይጠበቅባቸው ድሆች በመርከብ መቅዘፊያ፣ በግንብ ሥራና በእርሻ ይደክማሉ። ቤዛ የሚጠበቅባቸው ደግሞ «ባኞ» በሚባሉት ግቢዎች በእግር ብረት ታስረው ገንዘባቸው እስኪመጣ ይጠበቃሉ። ሰርቫንቴስ ከኋለኞቹ ነበር፤ ሥራ ባይበዛበትም ሰንሰለቱ ከብዶ ነበር። ሃይማኖቱን የለወጠ ሰው ግን በዚያች ከተማ ከባርነት እስከ ሹመት ሊደርስ ይችላል፤ ከአዛዦቿና ከባለጸጎቿ ብዙዎቹ እንዲህ ያሉ ኢጣልያውያን፣ ግሪኮችና እስፓኛውያን ነበሩ። ይህ በር ለሰርቫንቴስም ክፍት ነበር፤ አልገባበትም።

በ1576 የመጀመሪያውን ሙከራ አደረገ። ከጥቂት ጓደኞቹ ጋር በየብስ ወደ ምዕራብ ተጉዘው በእስፓኝ እጅ ወደነበረችው ወደ ኦራን ከተማ ለመድረስ አሰቡ። መንገድ መሪ ብለው የቀጠሩት ሰው ጥቂት ቀን ከወሰዳቸው በኋላ ጥሏቸው ጠፋ፤ እነርሱም ስንቅና መንገድ አጥተው በገዛ እግራቸው ወደ እስራታቸው ከመመለስ በቀር ሌላ አማራጭ አልነበራቸውም።

በዚህ ጊዜ ማድሪድ ውስጥ የልጆቹ እናት ሌዮኖር ዴ ኮርቲናስ ከቢሮ ወደ ቢሮ ትመላለስ ነበር። ለምርኮኞች ማስለቀቂያ ርዳታ የሚሰጠው መሥሪያ ቤት ለመበለት ይራራ እንደሆነ ብላ ባሏ በሕይወት ሳለ ራሷን ባሏ የሞተባት አስመስላ አመለከተች። ለሁለቱ ልጆች ስድሳ ዱካት ተሰጣት። በ1578 ደግሞ ሞቷል የተባለው አባት ራሱ በሌላ መሥሪያ ቤት ቀርቦ የልጁን አገልግሎት የሚያስረዱ ምስክሮች ያሰማ ነበር። በዚህ የሚስቅ ሰው ካለ ይሳቅ፤ ለልጅ ማስለቀቂያ ሲሆን እንዲህ ያለውን ውሸት ያልዋሸች እናት በየትኛው አገር ትገኛለች?

በ1577 ምርኮኛ የሚያስለቅቁ መነኮሳት ወደ አልጀርስ መጡ። ቤተሰቡ ያሰባሰበው ገንዘብ ግን ሁለቱን ወንድማማቾች አያስለቅቅም፤ በሚጌል ላይ የተቆረጠውን ዋጋም አይሞላም። የሮድሪጎ ዋጋ ያነሰ ነበር። ስለዚህ በኦገስት ወር ታናሹ ተለቀቀ፤ ታላቁ ቀረ። ሮድሪጎ ሲሄድ ግን አንድ አደራ ይዞ ነበር፤ ከእስፓኝ ወገን አንዲት መርከብ አስታጥቆ በሌሊት ወደ አልጀርስ ዳርቻ እንዲልክ።

ሰርቫንቴስ ይህን አስቀድሞ ያሰበበት ጉዳይ ነበር። ከከተማው በስተምሥራቅ በባሕሩ አጠገብ የአንድ ሹም አትክልት ቦታ ውስጥ ዋሻ ነበር። ኹዋን የሚባል የናቫራ ተወላጅ የሆነ ምርኮኛ አትክልተኛ ዋሻውን አመቻችቶ፣ ዐሥራ አራት ያህል ምርኮኞች አንድ በአንድ እየገቡ ተሸሸጉበት፤ ከመካከላቸው ለወራት ፀሐይ ሳያዩ የቆዩ ነበሩ። ምግብ የሚያመላልስላቸው አንድ ጊዜ ሰልሞ እንደገና ወደ ክርስትና መመለስ እፈልጋለሁ የሚል፣ «አንጥረኛው» በሚል ቅጽል የሚታወቅ ሰው ነበር። ሰርቫንቴስ ራሱ በሴፕቴምበር ወር መጨረሻ ከጌታው ቤት ጠፍቶ ወደ ዋሻው ገባ። መርከቧም በተባለው ጊዜ መጣች፤ ወደ ዳርቻው ስትጠጋ ግን በሰዎች ታየችና ሸሸች፤ ሁለተኛም ሞክራ ሰዎቿ ተያዙ። በዋሻው ያሉት ይህን አላወቁም። ባሕሩን እያዳመጡ ሲጠብቁ ምግብ አመላላሹ ሄዶ ለአልጀርስ ገዥ ተናገረ። ወታደሮች ዋሻውን ሲከቡ ሰርቫንቴስ ቀድሞ ወጥቶ ነገሩን ሁሉ ያሰበውና የመራው እርሱ ብቻ እንደሆነ፣ ሌሎቹ በእርሱ ተታልለው እንደገቡ ተናገረ። በገዥው ፊት ቀርቦም ያንኑ ደገመ። አትክልተኛው ኹዋን ተሰቀለ። በዚህ ታሪክ ውስጥ ስሙ ብቻ እንጂ ሌላ ምንም የማይታወቅለት ይህ ሰው ወደ አገሩ ወደ ናቫራ አልተመለሰም።

የዚያን ጊዜው የአልጀርስ ገዥ ሐሰን ፓሻ በትውልዱ የቬኒስ ሰው ሲሆን በጭካኔው የሚታወቅ ነበር። ሰርቫንቴስን ግን አልገደለውም፤ ይልቁንም በአምስት መቶ ኤስኩዶ ከዳሊ ማሚ ገዛውና በራሱ ግቢ አሰረው። በ1578 ምርኮኛው ለኦራን አገረ ገዥ ደብዳቤ ጽፎ ሰዎች እንዲልክለት ጠየቀ። ደብዳቤውን የያዘው የአገሩ ተወላጅ ኦራን ደጃፍ ሲደርስ ተያዘ፤ ወደ አልጀርስም ተመልሶ በእንጨት ላይ ተሰክቶ ሞተ፤ ማን እንደላከው ግን አንድም ቃል አልተናገረም። በጸሐፊው ላይ ሁለት ሺሕ ዱላ ተፈረደበት፤ ፍርዱ አልተፈጸመም፤ ተፈጽሞ ቢሆን በሕይወት ባልተረፈ ነበር።

አራተኛውና የመጨረሻው ሙከራ በ1579 ነው። ሂሮን የሚባል የግራናዳ ተወላጅ የሆነ ሰልሞ የነበረ ሰውና አንድ የቫለንሲያ ነጋዴ ባወጡት ገንዘብ ስድሳ ያህል ምርኮኞችን የምትወስድ የታጠቀች መርከብ ተዘጋጀች። ምሥጢሩን ለሐሰን ፓሻ ያደረሰው ቱርክ ወይም ዐረብ አልነበረም፤ ኹዋን ብላንኮ ዴ ፓስ የሚባል እስፓኛዊ መነኩሴ ነበር። ለዚህ ውለታው የተሰጠው ሽልማት አንድ የወርቅ ኤስኩዶና አንድ ማሰሮ ቅቤ ነው ይባላል። ነጋዴው ሰርቫንቴስ በሥቃይ ብዛት ሁሉንም ያወጣል ብሎ ስለፈራ በራሱ ገንዘብ አስለቅቆ ሊያሸሸው ፈለገ። ሰርቫንቴስ እንቢ አለ። ከተሸሸገበት ቤት በፈቃዱ ወጥቶ ለገዥው እጁን ሰጠ፤ እጆቹ ታስረው፣ አንገቱ ላይ ገመድ ገብቶ ሲጠየቅ የጠራው አስቀድመው ያመለጡ የአራት ሰዎችን ስም ብቻ ነበር። አምስት ወር በከባድ እስራት ቆየ።

አራት ጊዜ ያመለጠ ምርኮኛ አራት ጊዜ በሕይወት መትረፉ ጸሐፊዎችን ሲያስገርም ኖሯል። አንዳንዶቹ ስለ ድፍረቱ ተከብሮ ነው ይላሉ፤ ሌሎች ደግሞ የተሸሸገ ወዳጅ እንደነበረው ይጠረጥራሉ። ይሁን እንጂ በጣም ቀላሉ ማብራሪያ በሐሰን ፓሻ የሒሳብ መዝገብ ውስጥ ያለ ይመስላል። አምስት መቶ ኤስኩዶ የተከፈለበትን ሰው መስቀል አምስት መቶ ኤስኩዶ ባሕር ውስጥ መጣል ነው፤ ድሃው አትክልተኛና ድሃው መልእክተኛ ግን ዋጋ አልነበራቸውም። በዚህ አስተያየት ቤተሰቡን ያስለቀሱት ደብዳቤዎች ሕይወቱንም ያቆዩት እነርሱ ናቸው ማለት ነው።

በ1579 ጁላይ መጨረሻ ላይ እናቱ ሁለት መቶ ሃምሳ፣ እኅቱ አንድሬያ ሃምሳ ዱካት ለሥላሴ ማኅበር መነኮሳት አስረከቡ። ከመነኮሳቱ አንዱ አባ ኹዋን ኺል በ1580 አልጀርስ ደረሱ። የያዙት ገንዘብ የብዙ እናቶች ገንዘብ ነበርና ለማን እንደሚውል መወሰን ቀላል ሥራ አልነበረም። በሐሰን ፓሻ ግቢ ካሉት ምርኮኞች ቅድሚያ የተሰጠው ኼሮኒሞ ዴ ፓላፎክስ የሚባል የአራጎን መኰንን ነበር፤ ገዥው ግን ለእርሱ አንድ ሺሕ ኤስኩዶ ጠይቆ አልቀንስም አለ። በዚያው ሰሞን የሐሰን ፓሻ ሹመት ጊዜ አልቆ ባሮቹን ይዞ ወደ ቍስጥንጥንያ ሊሄድ መርከቦቹ ተዘጋጁ። ሰርቫንቴስ በሁለት ሰንሰለት ታስሮ መርከብ ላይ ወጥቷል። ቍስጥንጥንያ የደረሰ ምርኮኛ ደግሞ ወደ እስፓኝ የሚመለስበት ተስፋ እጅግ የመነመነ ነበር። አባ ኹዋን ቤተሰቡ በሰጠው ገንዘብ ላይ ከምጽዋቱ ጨምረው፣ የጎደለውን ከነጋዴዎች ተበድረው፣ ሴፕቴምበር 19 ቀን 1580 አምስት መቶውን ኤስኩዶ ከፈሉ። ሰርቫንቴስ ከመርከቡ ወረደ። ፓላፎክስ በዚያው መርከብ ሄደ።

ነጻ የወጣ ሰው በመጀመሪያው መርከብ ይሄዳል ተብሎ ይጠበቃል። ሰርቫንቴስ ግን ከአንድ ወር በላይ ቆየ። ብላንኮ ዴ ፓስ ስሙን በአገር ቤት ሊያጠፋ እየተዘጋጀ መሆኑን ሰምቶ ነበር። ስለዚህ በኦክቶበር ወር በአባ ኹዋን ኺል ፊት ሃያ አምስት ጥያቄዎች አዘጋጅቶ ዐሥራ ሁለት ምስክሮች አሰማ። ስለ ምርኮ ዘመኑ የሚታወቀው አብዛኛው ነገር የሚገኘው ከዚህ መዝገብ ነው። ጥያቄዎቹን ያወጣው ራሱ፣ ምስክሮቹንም የመረጠው ራሱ መሆኑን አንባቢ ማስታወስ ይኖርበታል፤ ነገር ግን ከሌላ እጅ የተጻፈውም የአልጀርስ ታሪክ ድፍረቱን ያወሳል። የመጀመሪያዎቹ ደብዳቤዎች የሌሎችን ቃል ይዘው ነበር፤ አሁን ይዞት የሚሄደው ወረቀት አብረውት በሰንሰለት የታሰሩ ሰዎች ቃል ነው። ኦክቶበር 24 ቀን ተሳፈረ። ዴኒያ ላይ ወርዶ በቫለንሲያ በኩል አልፎ በዲሴምበር ማድሪድ ገባ። ከናፖሊ ተነሥቶ የጥቂት ሳምንት ጉዞ ሊሆን የታሰበው አምስት ዓመት ፈጀ።

ቤት ሲደርስ ያገኘው ያረጀና የደኸየ አባት፣ ጥሎሿን እስከ መሸጥ የደረሰች እኅት፣ በዕዳ የተያዘ ቤተሰብ ነው። ዶን ኹዋን ከሁለት ዓመት በፊት በፍላንደርስ ሞቷል፤ የሴሳው መስፍንም አርፏል። ለእርሱ የመሰከሩለት ሰዎች ሁሉ መቃብር ወርደዋል፤ ቤተ መንግሥቱም ፊቱን ወደ ፖርቱጋል አዙሯል፤ ሌፓንቶም ዐሥር ዓመት ሊሞላው የቀረበ አሮጌ ወሬ ሆኗል። በ1581 ንጉሡ ወዳለበት ወደ ፖርቱጋል ሄዶ ደጅ ጠና። የተሰጠው አንድ አጭር መልእክት ማድረስ ብቻ ነበር፤ ዋጋውም መቶ ዱካት። የተላከበት ከተማ ኦራን ነው፤ በ1576 በእግሩ ሊደርስባት ሞክሮ በመንገድ የቀረባት ያቺው ኦራን።

ከዚያ በኋላ ያለውን ዘመን ባጭሩ ማለፍ ይቻላል፤ ሰርቫንቴስ ራሱ በፍጥነት ቢያልፈው ይወድ ነበርና። በ1584 አግብቶ፣ በ1585 «ላ ጋላቴያ» የተባለውን የመጀመሪያ መጽሐፉን አሳተመ፤ ስለ አልጀርስ ምርኮኞችም ለመድረክ ጻፈ። ኑሮ ግን አልሞላለትም። በ1587 ወደ እንግሊዝ ለሚዘምተው የመርከብ ጦር ስንቅ ሰብሳቢ ሆኖ በአንዳሉሲያ መንደሮች እየዞረ ከገበሬውና ከቤተ ክህነቱ ስንዴና ዘይት ይሰበስብ ጀመር። የቤተ ክህነት እህል ነካህ ተብሎ ተወገዘ። ሜይ 21 ቀን 1590 ለንጉሡ አቤቱታ ጻፈ። በሌፓንቶና በሌሎች ዘመቻዎች ያገለገለባቸውን፣ በአልጀርስ የታሰረባቸውን ዓመታት ዘርዝሮ፣ በአሜሪካ ግዛቶች ባዶ ከሆኑት አራት ሹመቶች አንዱ እንዲሰጠው ለመነ። ሁለቱ የሒሳብ ሹምነት፣ ሁለቱ የአገር ግዛት ነበሩ። መልሱ በዚያው ዓመት ጁን 6 ቀን በወረቀቱ ላይ ተጻፈ። እዚሁ አገር ውስጥ የሚሆነውን ነገር ይፈልግ የሚል ነበር። ወደ አገሩ ለመግባት አምስት ዓመት የታገለው ሰው በዐሥረኛው ዓመት ከአገሩ ለመውጣት ሲለምን ይታያል። በ1597 የሰበሰበውን የግብር ገንዘብ ያስቀመጠበት ባለባንክ ከሥሮ ሸሸና ሰርቫንቴስ ሴቪያ ወህኒ ቤት ገባ። ታናሽ ወንድሙ ሮድሪጎ ደግሞ ከምርኮ ከወጣ በኋላ ወደ ጦሩ ተመልሶ ነበር፤ ጁላይ 2 ቀን 1600 በፍላንደርስ በተደረገ ጦርነት ሞተ።

«ዶን ኪሆቴ» በ1605 መጀመሪያ ላይ ማድሪድ ታተመ። የመጽሐፉን መካከል የሚያነብ ሰው በአንድ መንገደኛ ማደሪያ ቤት ውስጥ ከአልጀርስ ያመለጠ ምርኮኛ ታሪኩን ሲናገር ያገኛል። ይህ ሰው በሌፓንቶ የተዋጋ፣ በሐሰን ፓሻ ግቢ የታሰረ የጦር አለቃ ነው፤ ያመለጠውም ሰርቫንቴስ በሕልሙ ባየው መንገድ ነው፤ በመርከብ፣ በሌሊት፣ ከአትክልት ቦታ። በታሪኩ መካከልም ሳቬድራ የሚባል አንድ ወታደር ብቅ ብሎ ያልፋል፤ ነጻነቱን ለማግኘት ብዙ አድርጎ፣ ጌታው ግን አንድም ጊዜ እንዳልመታው ይነገራል። ሳቬድራ ደራሲው ከምርኮ ከተመለሰ በኋላ በራሱ ስም ላይ የጨመረው ስም ነው።

ከዚህ ሁሉ ይልቅ የሚያስገርመው ግን የሚከተለው ነው። በዚያው ምሽት ወደዚያው ማደሪያ ቤት አንድ ዳኛ ይገባል። ዳኛው የምርኮኛው ታናሽ ወንድም ነው፤ ተምሮ፣ ተሾሞ፣ ወደ ሜክሲኮ ሊሄድ ነው። ወንድምየው ወዲያው ያውቀዋል። ነገር ግን ድሃ ሆኖ፣ የተቀደደ ልብስ ለብሶ፣ ባዶ እጁን የመጣ ወታደር ነውና ወንድሙ ያፍርበት እንደሆነ ይፈራል፤ ዝም ብሎም ይቆያል። በቦታው የነበሩ አንድ ቄስ ነገሩን በዘዴ ለዳኛው ይነግሩታል። ዳኛው ማልቀስ ይጀምራል፤ ሁለቱም ይተቃቀፋሉ። ሰርቫንቴስ ይህን በሚጽፍበት ጊዜ ሮድሪጎ ሞቶ ነበር ወይም ሊሞት ተቃርቦ ነበር፤ ለዳኛው የሰጠውም የአሜሪካ ሹመት ለራሱ የተነፈገውን ነው። በሕይወቱ ያልደረሰለትን አቀባበል ለሌላ ሰው ሰጠው፤ ያውም ሳይሰስት።

መጽሐፉ በሰፊው ተነበበ፤ ደራሲውን ግን አላበለጸገውም። በ1614 ራሱን አቬያኔዳ ብሎ የጠራ ጸሐፊ ሐሰተኛ ሁለተኛ ክፍል አሳትሞ በእርጅናውና በሰለለች እጁ ዘበተበት። ሰርቫንቴስ በ1615 እውነተኛውን ሁለተኛ ክፍል ሲያወጣ በመቅድሙ የመለሰው መልስ ቁጣ የበዛበት አይደለም። እጁ የሰለለችው በመጠጥ ቤት ጠብ ሳይሆን በታላቅ ጦርነት መሆኑን፣ ከዚያ ቀን ተለይቶ ከቁስል መዳንንም እንደማይመርጥ ገለጠ።

በሚቀጥለው ዓመት ኤፕሪል 22 ቀን ማድሪድ ውስጥ በሚገኘው ቤቱ ዐረፈ። ከመሞቱ ከሦስት ቀን በፊት ለመጨረሻ መጽሐፉ መግቢያ የሚሆን ደብዳቤ ለአንድ መኰንን ጽፎ ነበር። የተቀበረው በማድሪድ በሚገኘው የሥላሴ ማኅበር መነኮሳይያት ገዳም ነው፤ ከሠላሳ ስድስት ዓመት በፊት ቤዛውን የከፈለለት ያው ማኅበር። ገዳሙ ኋላ በሌላ መልክ ሲታነጽ አጽሙ ከሌሎች ሙታን አጽም ጋር ተደባለቀ። በ2015 በገዳሙ ቤተ ክርስቲያን ሥር የቆፈሩ ባለሙያዎች ከሌሎች ጋር ከተከማቹት አጥንቶች መካከል የእርሱና የሚስቱ እንደሚገኙ አስታወቁ።